ሒንዱ ኡማሩ ኢብራሂም ባይቦኩም ላይ ያሠራችው የካርቶን ካርታ፦ አሠራሩ፣ ልኬቱ፣ የሚበላሽበት ቦታ

ነፋሻ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ስለ ሒንዱ ኡማሩ ኢብራሂም ሲወራ የሚሰማው መድረኩና ሽልማቱ ብቻ ነው። የማታውቋት ካላችሁ ባጭሩ፦ በ1984 የተወለደች የቻድ ምቦሮሮ (ከብት አርቢ ከሆኑት ፉላኒዎች ወገን) ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እየጻፍኩ ነው)። በ1999፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳለች፣ የፉላኒ ሴቶችንና የነባር ሕዝቦችን ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ የሥራ ፈቃድ ያገኘው ግን በ2005 ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ኤፕሪል 22 ቀን 2016 የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ኒውዮርክ ላይ ሲፈረም ሲቪል ማኅበረሰቡን ወክላ ተናገረች። በ2024 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ቋሚ መድረክ ሊቀመንበር ነበረች።

እኔን የያዘኝ በደቡብ ቻድ ባይቦኩም ላይ ከአካባቢው ሰዎች ጋር የሠሩት ባለ ሦስት አውታር ካርታ ነው። ካርቶን ተደራርቦ ተራራ ይሆናል፣ ክርና ስፒል ይሰካበታል። ጥያቄዎቼ፦ በትክክል እንዴት ነው የሚሠራው? ካርቶን ከአየር ንብረት ቀውስ ጋር ምን አገናኘው? ስልክ ላይ ያለው የሳተላይት ምስልስ ለምን አይበቃም?

ባለስኬል

ከአሠራሩ ልጀምር፣ የቀረውን ሌሎች ይሙሉት።

መጀመሪያ የሚወሰነው ስኬሉ ነው። በ1፡10,000 አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 100 ሜትር ነው። 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ 24 ኪሎ ሜትር በ12 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ይይዛል። የጠረጴዛው ወርድ በዘፈቀደ አይወሰንም። ሰው ቆሞ እጁን ሲዘረጋ የሚደርሰው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከሁለቱም ጎን ተደርሶ እንኳ ከ1.4 ሜትር ከሰፋ መሀሉን ማንም አይነካውም። ያልተነካ መሀል ደግሞ ባዶ ይቀራል፤ በኋላ ካርታውን ያየ ሰው «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። በዙሪያው ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ብትሰጡ በአንድ ጊዜ 12 ሰው ይሠራል።

ቀጥሎ የኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ይታተማሉ። በየ20 ሜትር ከፍታ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ካርቶን። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን በ1፡10,000 ልክ 20 ሜትር ነው፤ ተራራው በእውነተኛ ምጣኔው ይወጣል። 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ተኩል እጥፍ ከፍ ይላል። እኔ 3ቱን እመርጣለሁ፤ ዓይን በእውነተኛው ምጣኔ የተሠራ ኮረብታን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው።

በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 600 ሜትር ልዩነት ካለ 30 ድርብ ይሆናል። ሁለት ድርብ ደግሞ ከሥር ጨምሩ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከሥር እንጨት፣ ከላዩ አንድ ካርቶን ብቻ ከሆነ ሸለቆው ላይ የሚሰካው ስፒል መያዣ አጥቶ ይወድቃል። መንደሩና ወንዙ ያለው ደግሞ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። የላይኞቹ ድርቦች ትናንሽ ስለሆኑ ካርቶኑን ስትገዙ 32 ሙሉ ጠረጴዛ ብላችሁ አታስቡ፤ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ይበቃል፣ ለስህተት ትንሽ ትርፍ ጨምሩ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ በካርቦን ወረቀት በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሁለት መስመር ይገለበጣል። አንዱ የሚቆረጥበት ነው፣ ሁለተኛው ከእሱ በላይ ያለው ኮንቱር ነው፣ ቀጣዩ ካርቶን የሚያርፍበትን የሚያሳይ። ሁለተኛውን መስመር የረሳ ሰው ከአምስተኛው ድርብ በኋላ ኮረብታውን በግምት ነው የሚያስቀምጠው። ግምቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢስት 50 ሜትር ሄደ ማለት ነው።

ቋጥኝ

ባለስኬል ያላነሳው አንድ ወጥመድ፦ ሕትመቱ። አታሚው ማሽን «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለውን ምርጫ በራሱ ይዞ ከሆነ ስኬሉ ከመጀመሪያው ቀን ሞቷል። ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ለኩ፤ የ1 ኪሎ ሜትር መረብ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፣ በርዝመትም በወርድም። 9.7 ከሆነ እንደገና ይታተም። «ትንሽ ናት» ብላችሁ ብታልፉት ወረቀቶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጠሙ ወንዙ ይሰበራል።

ኮላም ቢሆን ውሃ የበዛበት ካርቶኑን ያቆለምመዋል። በስሱ ቀቡት፣ ክብደት ጫኑበት፣ ሌሊቱን ተዉት። ምላጩን ሳትሰስቱ ቀይሩ፤ የደነዘዘ ምላጭ ካርቶኑን አይቆርጠውም፣ ይቀደዋል እንጂ።

የቆላ ንብ

@ነፋሻ «ካርቶን ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው» ላልከው።

በቻድ ከብቱ በዝናብ ወቅት ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በበጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሚሄድበት መስመር በቻድ ዐረብኛ ሙርሃል ይባላል። ደቡቡ የእርሻ አገር ነው። አሠራሩ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ከብቱ ሲደርስ አዝመራው ተነሥቶ መቆየት አለበት። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ አርሶ አደሩ ዘግይቶ ይዘራል፣ ዘግይቶ ያጭዳል። ሰሜን ላይ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ ካቋረጠ ሣሩና ኩሬው ቀድሞ ያልቅና ከብቱ ቀድሞ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት ያልታጨደ ማሳ ላይ ነው። ጠቡ የሚጀምረው እዚያ ነው። ወሬው ግን «የጎሣ ግጭት» ተብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ካርታው ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ካርታ ቦታን ያሳያል፣ ጊዜን አያሳይም። ከጎኑ የወቅት ሰሌዳ መዘጋጀት አለበት። ፉላኒዎቹ ወቅትን የሚከፍሉት በራሳቸው ስም ነው፤ ንዱንጉ ዋናው ዝናብ፣ ዳብቡንዴ ብርዳማው ደረቅ ጊዜ፣ ጬዱ ሞቃቱ በጋ። ሰሌዳው በእነዚህ ይሠራ እንጂ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ አይሁን፤ «ጬዱ ዘገየ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በወር ስም አይጻፍም። በእያንዳንዱ ወቅት ሥር ሦስት ነገር ይግባ፦ የትኛው ውሃ ክፍት ነው፣ የትኛው ማሳ ላይ ሰብል አለ፣ ከብቱ በየትኛው ሙርሃል ላይ ነው። ከዚያ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ስፒሎች ካርታው ላይ ይሰካሉ።

ሒንዱ ስለ አያቷ ስትናገር ዝናብን የምታውቀው በነፋሱ አቅጣጫ፣ በደመናው አቀማመጥ፣ በወፎች ፍልሰት፣ በፍሬው መጠን፣ በዛፎች ማበብና በላሞቿ ጠባይ ነው ትላለች። ይህን ቅኔ አድርጎ መስማት ቀላል ነው። ሠንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፦ ቀን፣ ምልክቱ፣ ያየው ሰው፣ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያው፣ በኋላ የሆነው። ሁለት ሦስት ወቅት ከተመዘገበ የትኛው ምልክት አሁንም እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተዛባ ይለያል። የተዛባውን ማወቅ ራሱ መረጃ ነው።

ድንበር የለሽ

ይቅርታ፣ ግን የሳተላይት ምስል በነጻ እያለ ይህ ሁሉ ኮላና መቀስ ለምን? ደግሞ ዋናው ችግር የቻድ ሐይቅ መድረቁ ነው፤ 90 በመቶ ጠፍቶ በቅርቡ ጨርሶ ሊያልቅ ነው እየተባለ ካርቶን መደራረብ ትንሽ ቅንጦት አይመስላችሁም?

የቆላ ንብ

@ድንበር የለሽ ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀላቀልክ።

ሐይቁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ1980ዎቹ ድርቅ ወደ አንድ አሥረኛው ወረደ። «90 በመቶ» የሚባለው የዚያን ጊዜው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁል እየሄደ አይደለም፤ ከፊሉን መልሷል፣ ከዓመት ዓመትም በጣም ይዋዥቃል። ለዓሣ አጥማጁም ለከብት አርቢውም የሚከብደው ይኸው መዋዠቁ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ እርሻ ይከተለዋል፣ ሲመለስ እርሻው ይሰጥማል። «ሊደርቅ ነው» እያለ የሚከራከር ተሟጋች አንድ ሃይድሮሎጂስት (የውሃ ሳይንቲስት) ፊት ሲቀመጥ ይሸነፋል፤ ባላስፈላጊ ቦታ።

ባይቦኩም ደግሞ ሐይቁ ዳር አይደለም። በሎጎን ኦሪየንታል ክፍለ ሀገር፣ ወደ ካሜሩንና ወደ መካከለኛው አፍሪካ ድንበር የተጠጋ፣ ከሐይቁ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ከሐይቁ ጋር የሚያገናኘው ወንዙ ነው፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በሻሪና በሎጎን ወንዞች በኩል ነው የሚመጣው።

ባለስኬል

የሳተላይቱን እኔ ልመልስ። ምስሉ ዛፍ ያሳያል። ዛፉ የማን እንደሆነ፣ ቅርፊቱ ለምን በሽታ እንደሚፋቅ፣ ጥላው ሥር በየትኛው ወር ከብት እንደሚያድር አያሳይም። አሸዋማ ወንዝ ውስጥ በበጋ የት ቢቆፈር ውሃ እንደሚወጣም አያሳይም። ምስሉን ማንበብ የሚችለው ደግሞ የተማረው ወጣት ነው፤ ሽማግሌው ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃል። ካርቶኑ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ያላነበበ ሰው ኮረብታውን በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል፤ «ይህ ኮረብታ ነው፣ እንግዲያው ጉድጓዱ ከጀርባው ነው» ይላል።

ይህ እንዲሠራ ግን ጠረጴዛው በእውነተኛው ሰሜን መዞር አለበት። የካርታው ሰሜን የምድሩ ሰሜን ላይ። ክፍሉ ጠባብ ነው ተብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ከተቀመጠ፣ ፀሐይ የምትወጣበትን እያየ ቦታ የሚለይ ሰው ግራ ይገባውና ዝም ይላል። እናንተም «ዕውቀት የለውም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

እሸት

ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሣም። ሒንዱ ራሷ ደጋግማ የምትናገረው ነው፦ መጀመሪያ ወንዶቹ መጥተው ያወቁትን ሁሉ አስቀመጡ። ከዚያ ሴቶቹ ተጠሩ፤ አይተው «አይደለም» አሉ። መድኃኒት የምንለቅመው እዚህ ነው፣ ምግብ የምንሰበስበው እዚያ ነው እያሉ አረሙት። ወንዶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ።

ይህ በአጋጣሚ አይመጣም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያመጣው። ወንዶችና ሴቶች በመጀመሪያው ቀን አብረው ጠረጴዛው ላይ ከቆሙ ሴቶቹ ሽማግሌ ፊት አያርሙም። ለየብቻ ጊዜ ይሰጥ፣ በሦስተኛው ዙር ይገናኙ። የሴቶቹ ሰዓት ደግሞ ውሃ በሚቀዳበትና ላም በሚታለብበት ሰዓት ላይ እንዳይወድቅ። ሕፃን ያዘለች እናት ሦስት ሰዓት መቆም አትችልም፤ የጠረጴዛው ቁመት ከ70 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ዙሪያውን ዱካ ይኑር።

ሌላው፣ መጀመሪያ ክር፣ በመጨረሻ ቀለም። ነጥብ የሆነው ነገር (ጉድጓድ፣ ሠፈር፣ ትልቅ ዛፍ) በስፒል፣ መስመር የሆነው (ወንዝ፣ መንገድ) በክር፣ ስፋት ያለው (ግጦሽ፣ ደን፣ እርሻ) በቀለም። የግጦሹ ዳርቻ በመጀመሪያ በክር ይከበብ። ክር ይነቀላል፣ ይከራከሩበታል፣ ይመልሱታል። ቀለም የተቀባ ዳርቻ ግን የተፈረደ ይመስላል፤ የተሳሳተውን ማንም አይነካውም። ቀለም ቀድሞ ስለተቀባ ብቻ አንዱ ወገን ተቆጥቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

የካርታው ቁልፍ፣ ማለትም የትኛው ቀለም ምን ማለት እንደሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በራሳቸው ቋንቋ ይስማሙበት። መሀል ላይ ቁልፍ መቀየር ማለት ቢጫውን ስፒል ሁሉ ነቅሎ እንደገና መሰካት ነው።

ነፋሻ

ድንቅ ነው። ሙርሃል አንድ ክር ነው ወይስ ሌላ ምልክት? ደግሞ ሐይቁ አካባቢ መሬቱ ሜዳ ነው፤ እዚያስ ይሠራል?

ባለስኬል

ሙርሃል በአንድ ክር አይሠራ! የሱፍ ክር ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1፡10,000 ከ20 እስከ 30 ሜትር ማለት ነው። የመተላለፊያው ስፋት 50 ሜትር ቢሆን 5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ክር ብቻ ከዘረጋችሁ አርሶ አደሩ «እስከ ክሩ ድረስ የኔ ነው» ይላል፣ አርብቶ አደሩም «ክሩ መሀሉ ነው» ይላል። ሁለት ክር፣ በግራና በቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ዳር አንድ። በተዘጋበት ቦታ፣ ማለትም ሙርሃሉ የታረሰበት ላይ፣ ክሩ አይቋረጥ፤ በሌላ ቀለም ስፒል ምልክት ይደረግበት።

በዚያው ልክ፦ የስፒል ራስ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሬት ላይ 50 ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በዚህ ካርታ «ድንበሩ ከዛፉ በዚህ በኩል ነው በዚያ» ብላችሁ አትፍረዱ። ለዚያ በእግር ሄዶ በጂፒኤስ መለካት ነው፤ የተለመደው ጂፒኤስ ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ሜትር ነው የሚስተው።

ስለ ሜዳው፦ የባይቦኩም አካባቢ ሞን ደ ላም ነው የሚባለው፣ በፈረንሳይኛ «የላም ተራሮች» ማለት ነው። ኮረብታ ስላለ ካርቶኑ ይናገራል። ሐይቁ ዳር ግን 20 ሜትር ልዩነት ለማግኘት ረጅም መንገድ ይኬዳል፤ ካርቶን ብትደራርቡ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ነው የምታገኙት። አንዳንዱ «በየ5 ሜትር እናድርገው» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ነጻ የከፍታ መረጃ በ2000 ከመንኮራኩር በራዳር የተለካው ነው። ስህተቱ በራሱ ብዙ ሜትር ነው፣ ዛፍ ባለበት ደግሞ የሚለካው ወደ ዛፉ አናት የተጠጋውን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ5 ሜትር ኮንቱር የሚወጣው ኮረብታ የመረጃው ስህተት የፈጠረው ነው። ሜዳ ላይ በትልቅ የታተመ ምስል ላይ መሥራት ይሻላል።

ቋጥኝ

ካርታው ካለቀ በኋላ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በፎቶ ነው። እዚህ ብዙ ይበላሻል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከላይ ይሁን፣ ራቅ ይበል፣ ከዚያ ሌንሱ ይሳብ። ቀርቦ ማንሣት ጠርዙን ያጎብጠዋል፣ የኮረብታው ጫፍም ከቦታው ወደ ውጭ ያዘነብላል። በየ10 ሴንቲ ሜትር በሲባጎ መረብ ተዘርግቶ (1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር) በየክፍሉ ተደራራቢ ፎቶ ይነሣ፤ በአንድ ፎቶ ቢያንስ አራት የታወቁ የመረብ መገናኛዎች ይታዩ። ከዚያ በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር ነው) ከቦታው እውነተኛ ኬክሮስና ኬንትሮስ ጋር ይታሰራል። ጥላ እንዳይኖር፤ የስፒል ጥላ ሁለተኛ ስፒል ይመስላል።

እሸት

@ቋጥኝ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት አንድ ዕረፍት ያስፈልጋል። የምቦሮሮ ሰዎች በዚያ አካባቢ በመንገድ ዘራፊዎች እየታገቱ ማስለቀቂያ ይጠየቅባቸዋል፤ ከብቱ በየትኛው ወር የት እንደሚያድር የሚያሳይ ፎቶ በእነሱ እጅ ሲገባ አስቡት። ፎቶው ሳይነሣ ሰዎቹ ራሳቸው የትኛው ስፒል እንደሚነቀል ይወስኑ። መድኃኒት የሚለቀምበት፣ የተቀደሰ ቦታ፣ የማደሪያ ሠፈር። ሁለት ቅጂ ይሁን፦ አንዱ ለአስተዳደሩ የሚታይ፣ አንዱ ከእነሱ የማይወጣ።

ነጻ፣ ቅድሚያ የተጠየቀና በመረጃ የተሰጠ ፈቃድ የሚባለው በ2007ቱ የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ ላይ አለ። ብዙ ፕሮጀክት በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት አስፈርሞ ጨረስኩ ይላል። ፈቃዱ በየደረጃው ነው የሚጠየቀው፦ ለመሥራት፣ ፎቶ ለማንሣት፣ ለማተም።

ድንበር የለሽ

እሺ፣ የሐይቁን ተቀብያለሁ። ግን ፉላኒ በአፍሪካ «ነባር» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ከብቱን እየነዳ የሚዞር ሕዝብ አይደለም እንዴ?

የቆላ ንብ

የአማርኛው ቃል ነው ያሳሳተህ። «ነባር» ስንል ማን ቀድሞ መጣ የሚል ይመስላል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን የሥራ ቡድን ግን ያንን መለኪያ ትቶታል፤ በዚህ አህጉር ሁሉም አፍሪካዊ የቀደመ ነውና። የሚያየው ሕዝቡ ራሱን እንዴት እንደሚጠራ፣ አኗኗሩ ከአንድ መሬት ጋር በተለየ መንገድ መታሰሩን፣ በዚያ አኗኗሩም የተነሣ መገፋቱን ነው። የሚዘዋወር አርብቶ አደር የሚገባውም ለዚህ ነው። መሬቱ አንድ ቦታ ሳይሆን መስመር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 7 ንኡስ 5 ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በመላመድ ሥራ ላይ የነባር ሕዝቦችን ዕውቀት ከሳይንሱ ጎን ይጠቅሳል። በ2018 በካቶቪትሴው (ፖላንድ) የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በተቋቋመው የሥራ ቡድን ውስጥም ከ14ቱ መቀመጫ ሰባቱ የነባር ሕዝቦች ናቸው። በዚህ ስም ካልተጠሩ ወንበሩ አይደርሳቸውም።

ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። በመጀመሪያው ዓመት ከተከፈለው ውስጥ በቀጥታ በእነሱ ድርጅቶች እጅ የገባው 7 በመቶ ብቻ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ስድስት ዓመት የሚፈጅበት ማኅበር የለጋሽ የኦዲት ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ገምቱ።

ነፋሻ

የመጨረሻ ጥያቄ። ካርታው ሲያልቅ የት ይቀመጣል? ዋና ከተማ ተወስዶ ቢሮ ውስጥ ቢቆም አይሻልም? ምስጥም አለ።

ባለስኬል

ዋና ከተማ ከሄደ አለቀ። በየዓመቱ ከዝናብ በኋላ ስፒሎቹ የሚስተካከሉበት ዕቃ ነው፤ ማስተካከል የሚችሉት ደግሞ እዚያው ያሉት ናቸው። ንጃሜና የሚሄደው የኮምፒውተሩ ቅጂ ይሁን። ለምስጥ የጠረጴዛውን እግር ከግድግዳ አርቁት፣ እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት። እርጥበት የሚያሠጋበት ቦታ ከካርቶን ይልቅ የጫማ ገበር የሚሠራበት ስፖንጅ ሉህ ይሻላል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም።

ጠረጴዛውን ግን ከመጀመሪያው አንድ ወጥ አድርጋችሁ አትሥሩት። 2.4 ሜትር በ1.2 የሆነ ነገር ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ በ80 ሴንቲ ሜትር በር አይወጣም። በጎኑ ካዞራችሁት ደግሞ ስፒሉ ይረግፋል። ሁለት ካሬ፣ እያንዳንዱ 1.2 በ1.2፣ በብሎን የሚጋጠም። የመጋጠሚያው መስመር መንደር ወይም ጉድጓድ ላይ እንዳይወድቅ ካርቶን ሳይቆረጥ በፊት ካርታው ላይ እዩት። 1.2ቱም ቢሆን በጎኑ ዘንበል ሳይል በ80 በር ስለማያልፍ፣ ሥራው ባለ ሁለት ተከፋች በር ባለበት አዳራሽ ወይም ዳስ ውስጥ ይሁን።

ቋጥኝ

ዳስ ከሆነ ነፋስ አለ። ቀለም ሳይደርቅ አቧራ ይለጠፍበታል፤ የምትቀቡት ጧት ይሁን።